ሁሉም የእግር ማቃጠል ከስኳር አይደለም

ባሕር ዳር ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው «እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል» ካለ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፦ «ስኳሩ ነዋ! ምን ይደረጋል?» ጎረቤት ይለዋል፣ ዘመድ ይለዋል። አንዳንዴም ወረፋው ያስጨነቀው ባለሙያ ይህንኑ ብሎ ያሰናብተዋል። መልሱ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ከእግር ጣት ጀምሮ ነርቭን ይጎዳል። የሚያናድደኝ ግን «ስኳሩ ነው» ከተባለ በኋላ ሌላ ጥያቄ አለመነሣቱ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ከጀመሩ ስንት ዓመትዎ ነው? ይጾማሉ? በፍስኩስ ምን ይበላሉ?

ሜትፎርሚን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ማንም ይህን አንብቦ እንዳያቆመው። ነገር ግን ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12ን ከምግብ በደንብ እንዳይወስድ ሊያደርግ ይችላል። ቢ12 ደግሞ ለነርቭ ሽፋን የግድ ያስፈልጋል። ሲያንስ እግር ይደነዝዛል፣ ይጠዘጥዛል፣ አረማመድ ይዛባል፣ ሰው ነገር ይረሳል። ከስኳሩ የነርቭ ሕመም ለመለየት ያስቸግራል። የብሪታንያ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. ይህን የቢ12 ማነስ «የተለመደ» የመድኃኒቱ ጉዳት ብሎታል፤ ከ10 ተጠቃሚ እስከ 1 ሰው ሊያጋጥመው ይችላል ማለት ነው። ምልክቱ ያለበት ሰው እንዲመረመርም አሳስቧል። ይበልጥ ይጋለጣሉ ካላቸው መካከል ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበሉ ሰዎች አሉ።

ታዲያ ይህ እኛን አይመለከትም? ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ሽሮ ውስጥ የለም፤ ምስር ውስጥም የለም። ረቡዕና ዓርቡን፣ ሁዳዴውን፣ ነቢያቱን፣ ፍልሰታውን ሁሉ ስንደምረው ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል፤ ካህናቱማ እስከ 250 ይደርሳሉ። ጤነኛ ሰው ጉበቱ ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያከማች በፍስኩ የበላው ያሻግረዋል። ግን በዚህ ኑሮ ውድነት በፍስኩስ ስንቱ ቤት ነው ሥጋ የሚገባው?

ሽምብጥ ሰፈር አንዲት ጎረቤት አሉኝ። ስኳር ከያዛቸው ቆይቷል። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላ ጫማቸው ወልቆ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እሳቸው አያውቁትም። ከኋላ የሚመጣ ልጅ አንሥቶ «እማማ፣ ጫማዎ!» ይላቸዋል። ማታ ደግሞ ያው እግር ያቃጥላቸውና ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ይነክሩታል። በየክትትሉ የሚባሉት «ጣፋጭ ይቀንሱ» ነው። ጣፋጩን ከተዉት ስንት ዘመናቸው! ስለ ጾማቸው የጠየቃቸው ግን የለም።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ብዙዎች ቢ12 ካነሰ ደም ማነስ መታየት አለበት ብለው ያስባሉ። ጥራጥሬና ጎመን ግን ፎሌት የሚባል ቫይታሚን በብዛት አላቸው፤ እሱ ደም ማነሱን ሊሸፍነው ይችላል። የደም ማነስ ምርመራው «ደህና ነው» እያለ ነርቩ ውስጥ ለውስጥ ይጎዳል።

ምግብ እግር እንደሚያስር ለጣና ዙሪያ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ፎገራና ደምቢያ ጓያን ያውቁታል። ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ላይ የከረመ ሰው እግሩ ይተሳሰራል፤ አንዴ ከተሰበረ አይመለስም። የቢ12 እጥረት ግን ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። ሲዘገይ ነው ጠባሳው የሚቀረው።

ጾም ይፍረስ እያልኩ አይደለም። ታማሚ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይምከር፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያንም መንገድ አላት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥም አልገባም፤ እዚህ ከተማ ማለቂያ የለውም። ለሚበላው ግን አንድ ደህና ቆሮሶ ለቀኑ ከሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮ ግራም አብዛኛውን ይሸፍንለታል። ለማይበላው የቢ12 ክኒን አለ።

ቲክቶክ ላይ «መድኃኒትህን ጣል፣ ስኳርን በምግብ ድራሹን አጥፋ» የሚሉትን አልሰማም። በራስ ሥልጣን ፋርማሲ ገብቶ «የነርቭ ቫይታሚን» ማግበስበስም አያዋጣም። ከነዚህ ብዙዎቹ ቢ6 አለባቸው፤ እሱ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ እግር ያደነዝዛል።

የቢ12 ምርመራ በየጤና ጣቢያው እንደማይገኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ላቦራቶሪ አይፈልግም። ለዓመታት ሜትፎርሚን የዋጠ፣ ጾም የማያስታጉልና እግሩ የደነዘዘ ሰው ፊቱ የተቀመጠ ሐኪም ምርመራው ባይኖርም የቢ12 መርፌ አዞ ለውጡን መከታተል ይችላል። በየክትትሉ ክብደት የሚመዝነው ባለሙያም «ይጾማሉ?» ብሎ መልሱን ካርዱ ላይ ቢጽፍለት ሐኪሙ ከዚያ ይጀምራል።