ህንድ የፓተንት ባለመብቶችን ግዴታ ማላላት አልነበረባትም

ስለ ፓተንት ሲወራ በአብዛኛው የሚነሳው መብቱ ነው። ፈጣሪው ደክሟል፣ ገንዘብ አፍስሷል፤ ስለዚህ ሕግ ይጠብቀው ይባላል። በዚህ አልከራከርም። የህንድ ሕግም አይከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የፓተንት ሕግ በአንቀጽ 48 ለባለመብቱ ሰፊ ሥልጣን ይሰጠዋል፦ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም ሰው ምርቱን በህንድ ውስጥ ማምረት፣ መጠቀም፣ ለሽያጭ ማቅረብ፣ መሸጥም ሆነ ከውጭ ማስገባት አይችልም። ጥበቃው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመት ይጸናል።

ያው ሕግ በአንቀጽ 83 ግን ፓተንት የሚሰጠው ባለመብቱ ብቸኛ አስመጪ ሆኖ እንዲቀመጥ ብቻ አይደለም ይላል። ፈጠራው በህንድ ምድር ሥራ ላይ መዋል፣ ሕዝቡም አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ ሊያገኘው ይገባል። ይህ ካልሆነስ? ፓተንቱ ከተሰጠ ከ3 ዓመት በኋላ ፍላጎት ያለው ማንኛውም ሰው በአንቀጽ 84 መሠረት የግዴታ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። የሕዝቡ ፍላጎት በበቂ ሁኔታ አለመሟላቱን፣ ዋጋው የማይቀመስ መሆኑን ወይም ፈጠራው በአገሪቱ ሥራ ላይ አለመዋሉን ካሳየ፣ ባለመብቱ ባይወድም ሌላ አምራች ከሽያጩ ለባለመብቱ ድርሻ (ሮያሊቲ) እየከፈለ እንዲያመርት ይፈቀድለታል።

ይህ አንቀጽ አንድ ጊዜ በትክክል ሠርቷል። የጀርመኑ የመድኃኒት ኩባንያ ባየር ለጉበትና ለኩላሊት ካንሰር የሚታዘዘውን ሶራፌኒብ፣ በገበያ ስሙ ኔክሳቫር፣ በህንድ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። ታማሚው በቀን 4 ኪኒን፣ በወር 120 ኪኒን ይወስዳል። የወሩ ዋጋ 280,428 ሩፒ ነበር፤ በአንዱ ኪኒን ሲሰላ 2,337 ሩፒ ገደማ ማለት ነው። የህንዱ የሀይደራባድ መድኃኒት አምራች ናትኮ የወሩን መድኃኒት ከ8,880 ሩፒ በማይበልጥ ዋጋ፣ ማለትም አንዱን ኪኒን በ74 ሩፒ እንዲሸጥ ፈቃድ አገኘ። ውሳኔው የተሰጠው በማርች 2012 ሲሆን፣ የባየር መድኃኒት የደረሰው ከሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች ከ2 በመቶ ጥቂት ለሚበልጡት ብቻ መሆኑ ተገልጿል።

ከዚያ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የከነከነኝ አንድ ነጥብ አለ። ሌላው የህንድ አምራች ሲፕላ ያንኑ መድኃኒት በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ባየርም ፓተንቴን ጥሰሃል ብሎ ከሶታል። በናትኮ ጉዳይ ግን ባየር የሕዝቡ ፍላጎት ተሟልቷል ብሎ ሲከራከር የሲፕላንም ሽያጭ ቆጠረ። በፍርድ ቤት ከገበያ ሊያስወጣው የሚታገለውን ተፎካካሪ እንደ ራሱ አቅርቦት አቀረበ! በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ማለት ይህ ነው። የፓተንት ባለሥልጣኑም ክርክሩን አልተቀበለውም፤ ግዴታው የባለመብቱ የራሱ ነውና።

ባለመብቱ ንብረቱን ተነጠቀ የሚሉ ውሳኔውን ቢያነቡት መልካም ነው። ፓተንቱ አልተሰረዘም። ናትኮ ከተጣራ ሽያጩ መጀመሪያ 6 በመቶ፣ በይግባኝ ደግሞ 7 በመቶ ለባየር እንዲከፍል ተወስኗል። መድኃኒቱን ራሱ እንዲያመርት፣ ለሌላ እንዳያስተላልፍና በየዓመቱ ቢያንስ ለ600 ችግረኛ ታማሚዎች በነፃ እንዲሰጥም ታዟል። ባየር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቢሄድም በ2014 አልተሳካለትም። ባለሀብቶች ይሸሻሉ የሚለው ማስፈራሪያም አልያዘም፤ ከማርች 2023 እስከ ማርች 2024 ባለው አንድ ዓመት ብቻ ህንድ ከ100,000 በላይ ፓተንቶችን ሰጥታለች።

ከናትኮ በኋላ ግን በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ለደም ካንሰር መድኃኒት የቀረበው የግዴታ ፈቃድ ጥያቄ በ2013፣ ለስኳር በሽታ መድኃኒት የቀረበው ደግሞ በ2016 ውድቅ ሆኗል። ስለዚህ የግዴታው ጥርስ የሚገኘው ብዙ ሰው በማያውቀው ቅጽ ላይ ነው። ቅጽ 27 ይባላል፤ ባለመብቱ ፈጠራው በህንድ ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን የሚያሳውቅበት ነው። በባየር ላይ ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል ኩባንያው ራሱ በዚህ ቅጽ ያስመዘገባቸው አኃዞች ይገኙበታል። ቅጹ ባይኖር ናትኮ ምን ይዞ ይከራከር ነበር? ብዙ ባለመብቶች ቅጹን ሳይሞሉ ወይም በግማሹ ሞልተው ማለፋቸው ያስቆጣው የሕግ ምሁሩ ሻምናድ ባሺርም መንግሥትን ደልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቁሞታል።

ታዲያ በማርች 2024 የወጣው ማሻሻያ ይህንኑ ቅጽ አላላው። በየዓመቱ ይቀርብ የነበረው በ3 ዓመት አንድ ጊዜ ሆነ፤ ከምርቱ የተገኘውን ገቢ የመግለጽ ግዴታም ቀረ። ፓተንት ከመሰጠቱ በፊት መቃወሚያ ለማቅረብ የሚጠየቀው ደግሞ በረከተ፤ ክፍያ ተጨመረበት፣ ባለሥልጣኑም መቃወሚያው መታየት ይገባው እንደሆነ አስቀድሞ ይመረምራል። ከቲቢ በሽታ የዳኑት ህንዳዊቷ ናንዲታ ቬንካቴሳንና ደቡብ አፍሪካዊቷ ፉሜዛ ቲሲሌ ቤዳኩሊን በተባለው የቲቢ መድኃኒት ላይ የተጠየቀውን ተጨማሪ ፓተንት በማርች 2023 ያስቀሩት በዚሁ መንገድ ነበር። የኩባንያዎችን የወረቀት ሥራ ለማቃለል ተብሎ የታማሚዎችን መንገድ ማክበድ ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ሲፕላ በ2001 ለአንድ ታማሚ የዓመት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ350 ዶላር ለማቅረብ የቻለው ህንድ በዚያን ጊዜ በመድኃኒት ምርት ላይ ፓተንት ስለማትሰጥ ነው። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፤ ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጥና ባለመብቱ ፈጠራው በኢትዮጵያ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉን ካስረዳ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ይህን ሐሳብ እወደዋለሁ። ይሁንና የዓለም ንግድ ድርጅት ደጃፍ ላይ ነን፤ የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ቢያንስ 20 ዓመት ጥበቃ ስለሚጠይቅ ቅድመ ሁኔታው ውሎ አድሮ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ግዴታውን ከጥበቃው ዘመን አውርደን እንደ ህንዱ የቀድሞ አሠራር በየዓመቱ በሚቀርብ፣ አኃዝ ባለውና ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖርት ላይ ልናሳርፈው እንችላለን። ሕጉን የሚያረቁ ባለሙያዎች ከህንድ ሲቀዱ የ2024ቱን ቅጽ ትተው የናትኮን ክርክር ያስቻለውን ቢወስዱ እመርጣለሁ።