ጭብጦዬን ፍለጋ በቅሎዬን ልሽጥ?

ዛሬ ብሶቴን ልዘረግፍ ነው። የቸኮለ ይለፈኝ።

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ተከሰስኩ። በፍጥነት! እኔ! ባለቤቴ «አንተ ከምትነዳ በባጃጅ ብንመጣ እስካሁን ደርሰን ነበር» የምትለኝ ሰውዬ። ቦታዋ ፍኖተ ሰላም ሳይደረስ ካሉት ከተሞች አንዷ ናት። ስሟን አልጠራም። አክስቴ እዚያ አሉ፤ ለፋሲካ መሄዴ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ። ወደ ከተማዋ ልገባ ስል፣ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ በሆነው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ በርበሬ የጫነ ኤፍ ኤስ አር ከኋላዬ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋብኝና ቀደመኝ። መስኮቴ ክፍት ነበር። የበርበሬው ሽታ ገባ። አስነጠሰኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ መሀል መንገድ ቆሟል።

በእውነቱ ከሆነ ጨዋ ልጅ ነው። ሰላምታ ሰጠኝ። መንጃ ፈቃድ ጠየቀኝ። ከዚያ «ወንድሜ፣ በ78 ነው የያዝኩህ» አለኝ።

«ማንን? እኔን?»

ራዳሩን አዙሮ አሳየኝ። እውነትም 78። በቃ ቁጥሩ ብቻ። ታርጋ የለ፣ ፎቶ የለ። ሁለት አሃዝ።

«ይኼ የኤፍ ኤስ አሩ ነው እንጂ የኔ አይደለም» አልኩት።

«ኤፍ ኤስ አሩ የታለ?»

ዞር ብዬ አየሁ። እልም ብሏል። ሽታው እንኳ የለም። ምስክሬ በርበሬውን ይዞ ሄደ።

ወረቀቱን ጻፈና ሰጠኝ። «ቅሬታ ካለህ ቀርበህ ማመልከት ትችላለህ» አለ። ቀርበህ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መኪናዬን ዳር አስይዤ ምልክቱን ፍለጋ በእግሬ ተመለስኩ። የፍጥነት ወሰን የሚል ምልክት አላየሁማ! አንድ መቶ እርምጃ እንደሄድኩ አገኘሁት። አንድ ጎሚስታ ብረቱ ላይ ሦስት አሮጌ የባጃጅ ጎማ ሰቅሎበታል። ከላይ የቀረውን ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሸፍኖታል። ቀይዋ ክብ በአንድ ጥግ ብቻ ትታያለች።

«ይኼ እኮ የፍጥነት ምልክት ነው» አልኩት ጎሚስታውን።

«አውቃለሁ ጋሼ። 30 ነው የሚለው።»

«ታዲያ ለሰው አይታይማ!»

«ኧረ ይታያል። የተከሰሰ ሁሉ መጥቶ ያየዋል» አለኝ፣ ጎማውን በውኃ በርሜል ውስጥ እያሽከረከረ።

ምን ልበለው? የትራፊክ ደንቡ በ2003 ወጣ፣ በ2009 ተሻሻለ፣ በ2016 ደግሞ በአዲስ ተተካ። ቅጣቱን ማሻሻል ማንም አልረሳም። አንድ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው ግን ጠፋ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ስልክ ደወልኩ። ስህተት ነበር። አባቴ የጎጃም ገበሬ ናቸው። በአንድ የድንበር ክርክር ከጎረቤታቸው ጋር ሰባት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። የተከራከሩበት መሬት በሬ ቢያዞሩበት ጭራው ጎረቤት ይገባል። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ድምፃቸው በአሥር ዓመት ወጣት ሆነ። «ልጄ፣ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ነው ነገሩ። እንዳትከፍል! ተሟገት!» አሉኝ።

እሺ፣ ልሟገት። ግን ሂሳቡን እንየው። ከባሕር ዳር ፍኖተ ሰላም ወደ 176 ኪሎ ሜትር ነው። የኔዋ ከተማ ደግሞ ከዚያም ታልፋለች። ደርሶ መልስ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። መኪናዬ በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ አርጅታለች፣ አትፍረዱባት። 35 ሊትር ቤንዚን በሉት። የቤንዚን ሰልፉን አልቆጠርኩም። ቅጣቱ ግን የታንከሬን ግማሽ አይሞላም። አንድ የሥራ ቀን ጨምሩ። ምሳ ጨምሩ። ያ ሁሉ ለአንድ ቀጠሮ ነው። ባለሙያው «ስብሰባ ላይ ነው» ከተባለ ደግሞ እጥፍ። ስብሰባ ላይ ያልሆነ ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ደውዬ ጠይቄ ነበር። «ቅሬታ በስልክ አይስተናገድም፣ በአካል ይቅረቡ» አሉኝ። መቀጣት መንገድ ላይ ቆሞ በአምስት ደቂቃ፤ አልተቀጣሁም ማለት ግን በአካል። ክፍያውስ? እሱማ በስልክ ይቻላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይቺ ናት። ብሩ አይደለም። ጥፋተኛ ነኝ የሚለው ሰው ከሶፋው ሳይነሳ ይጨርሳል። አላጠፋሁም የሚለው ግን ጭብጦውን ለማስመለስ በቅሎውን ሸጦ ይሂድ።

ጠበቃ ጓደኛ አለኝ። ቡና ጋበዝኩትና አማከርኩት። «መብትህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37፣ ፍትሕ የማግኘት መብት» አለኝ። ደስ አለኝ። «ለመሆኑ ምስክርህ ማነው?» ሲለኝ ግን የማስነጠሴን ታሪክ ነገርኩት። ቡናውን ከአፍንጫው ሊያወጣው ትንሽ ቀረው።

ከዚያ የእህቴን ልጅ ያዝኩት። ኢንጂነሪንግ ነው የሚማረው። ራዳር እንዴት እንደሚሠራ አስረዳኝ። መሣሪያው ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ መኪናው ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ መኪናው በፈጠነ ቁጥር የሚመለሰው ሞገድ ይለወጣል፤ ከለውጡ ፍጥነቱን ያሰላል። ጨረሩ ደግሞ በራቀ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ከሆነ ትልቁ ጎልቶ ሊመለስ ይችላል። «ይኸው!» ብዬ ተነሣሁ። ኤፍ ኤስ አር የሚያክል ግድግዳ ከጎኔ እያለ እኔን በየት አየኝ?

«ፖሊሱኮ ዳር ላይ ሆኖ በሰያፍ ነው የለካኝ፣ ቁጥሩ ተዛብቶ ይሆናል» አልኩት፣ ልቤ ስለሞቀ።

«አጎቴ፣ በሰያፍ ሲለካ ቀንሶ ነው የሚያሳየው። እሱን እንዳታነሣው» አለኝ።

ተቀመጥኩ።

መካኒኬ ደግሞ የባሰውን ነገረኝ። አምና መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ሲሆንብኝ ከፍ ያለ ጎማ አስገጥሜ ነበር። «ጎማህ ሲተልቅ ኪሎ ሜትርህ አሳንሶ ይነግርሃል። እሱ 60 ሲልህ አንተ 64 ልትሆን ትችላለህ» አለኝ። እኔ ደግሞ 50 እና 55 መካከል ነበርኩ ብዬ ስምል ነው የሰነበትኩት! ለነገሩ 55ም ቢሆን 30 አይደለም። ይህችን ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

መቼም አደባባይ ወጥቼ ልዋሽ አይደለም። ፍጥነት ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዓባይ በረሃን ስወርድ ፍሬኑ ጎማ ጎማ እየሸተተ ዳር የቆመ ሲኖ ስንቴ አይቻለሁ። በ60 የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሦስቴ አስነጥሼ ዓይኔን ስጨፍን ስንት ሜትር እንደሄድኩ አስሉት፤ እኔ አስልቼ ለሊቱን አልተኛሁም። የዚያን ዕለት ገበያ ነበር። አህያው፣ በጉ፣ ዶሮ ያንጠለጠለው ልጅ፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ነበሩ። በዚያ ላይ በሌላ ቀን፣ ከዳንግላ ወዲህ፣ ማንም ሳያየኝ ስንት እንደነዳሁ አልናገርም።

ቢሆንም ያቺ 78 የኔ አይደለችም! ያጠፋሁበት ቀን ይክሰሱኝ፤ የኤፍ ኤስ አሩን አልሸከምም። ደግሞ ብሩን ከፍለህ አያልቅም። ሪከርድ ላይ ይሰፍራል። ሪከርዱ ሲደማመር መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። ለዚያ ነው ዝም ብዬ ልክፈል ማለት የከበደኝ።

ሚኒባስ የሚነዳ ጎረቤቴ ግን ሳቀብኝ። «እኔ በሳምንት ስድስት ቀን እዚያ መንገድ ላይ ነኝ። ተከራክሬ ብረታ በማግሥቱ ፊታቸው አይደለም እንዴ የማልፈው? ክፈልና እረፍ ወንድም» አለኝ። ባለቤቴም ክፈልና እረፍ አለች። ጠበቃውም በሌላ ቋንቋ ክፈልና እረፍ ነው ያለኝ። ተሟገት ያሉኝ አባቴ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ መኪና የላቸውም።

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን አወጣሁ። ወረቀቱን በመብራት አስጠግቼ ቁጥሩን አስገባሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ክፍያዎ ተሳክቷል፣ እናመሰግናለን» አለኝ። እናመሰግናለን!

ዛሬ ጠዋት አባቴ ደወሉ። ሰላምታም አላስጨረሱኝ።

«እህ፣ ጉዳዩ የት ደረሰ?»

«ቀጠሮ ሰጥተውኛል» አልኳቸው።

«ጎሽ! እንዳትለቃቸው። ለመቼ ነው?»

«ለጥቅምት።»

«ደግ ነው። ያኔ አዝመራው ይደርሳል እንጂ ገና አይታጨድም፤ እኔም አብሬህ እቀርባለሁ» አሉኝ።