ስለ ቤትና ቦታ ክርክር ሰሞኑን የሚዞረው መረጃ ላይ ማስተካከያ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞረው "የቤትና የቦታ ችግር ያለበት ሁሉ ቀጥታ ፍርድ ቤት ፋይል ይክፈት" የሚለው ነገር ለሁሉም አይሰራም። ቦታህ ለልማት ይነሳል ተብለህ ደብዳቤ ከደረሰህ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 (መሬት ስለማስለቀቅና ካሳ ስለመክፈል የወጣው) መሰረት በ30 ቀን ውስጥ መጀመሪያ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ነው የምታስገባው፣ ከዛ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ፍርድ ቤት ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ደብዳቤውን የተቀበልክበትን ቀን እዛው ወረቀቱ ላይ ጻፍበት፣ ቀኑ ካለፈ ወላሂ የሚሰማህ አታገኝም። የውርስና የሽያጭ ክርክር ግን እውነትም የፍርድ ቤት ነው። የድንበር ጭቅጭቅ ከሆነ እኔ ሽማግሌ ወይ አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ጋ መቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ወጪ የለውም ጎረቤትም አታጣም፣ ብቻ ስምምነቱ በጽሁፍ ይሁንና ፍርድ ቤት አቅርባችሁ አስጸድቁት፣ በቃል የቀረ ነገር ልጆች ሲያድጉ እንደገና ይነሳል (ስንቱን አይተናል)። "ጠበቃ መግዣ ከሌለህ አለቀልህ" የተባለውም ልክ አይደለም፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው፣ ዳኝነት (የፍርድ ቤት ክፍያ) መክፈል ያቃተው ደግሞ በደሃ ደንብ ማለትም ሳልከፍል ልክሰስ ብሎ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።