የሰው ዘፈን ነው፣ በሕግ አምላክ!

እናንተ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው፣ የደብረ ብርሃኑም የደብረ ሲናውም የሸዋ ሮቢቱም የመሐል ሜዳውም የዓለም ከተማውም አንድ ላይ ስሙኝ፣ የሚከፋውም ይከፋው። እኛኮ ድንበሬን ስንዝር ገፋብኝ ብሎ ከአባት እስከ ልጅ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሕዝብ ነን። ወንድም ወንድሙን በአንዲት ትልም ይከሳል። ድሮማ "በሕግ አምላክ" ከተባለ ዱላ ያነሳ ሰው እንኳ እጁን ያወርድ ነበር ይባላል። ታዲያ ይሄ ሁሉ የሰው ሀቅ መፍራት ስልክ ስንይዝ የት ነው የሚገባው? አንድ ዘፋኝ አልበም ለቀቀ በተባለ በማግስቱ፣ ኧረ በማግስቱም አይደል በዚያው ሌሊት፣ ሙሉው ዚፕ ተደርጎ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ከስሩ ደግሞ "ሼር አርጉ ቤተሰብ" ይላል። የምን ቤተሰብ ነው እሱ?

መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሞባይል ቤቶች አንዱ ጋ ገብታችሁ ትንሽ ቆም ብላችሁ እዩ። ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል፣ ፎልደሮቹ ተደርድረዋል፣ "የሠርግ" አለ፣ "ትዝታ" አለ፣ "የመንዝ" አለ፣ "አዲስ" አለ። ገበያ የወጣ ሰውዬ ከኪሱ በላስቲክ የጠቀለላትን ሚሞሪ አውጥቶ "ሙላልኝ" ይላል፣ ልጁም ምን ልሙላልህ እንኳን ሳይል ሁሉንም መርጦ ኮፒ ያረጋል፣ ስክሪኑ ላይ የኮፒው መስመር እስክትሞላ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ፣ ከዛ ብሩን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው። ከዛች ብር ላይ ለዘፋኙ፣ ለግጥምና ዜማ ደራሲው፣ ላቀናባሪው አምስት ሳንቲም አትደርስም። ሰውዬውን አልወቅስም፣ እሱ ከፍሎ ነው የሄደው፣ ገዛሁ ነው የሚለው። የምወቅሰው ሻጩንና ለሻጩ የሚያቀብለውን ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ፋይሉን ስትከፍቱት የዘፋኙ ስም ተፍቆ የቻናሉ ስም ተጽፎበታል፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ሳይቀር "ቻናላችንን ይቀላቀሉ" የሚል ድምፅ ያስገቡበታል። ሰው ስንት ሌሊት ተቀምጦ የጻፈውን ግጥም ስሙን ፍቀህ የራስህን ትለጥፍበታለህ? ይሄ ከብሩም በላይ ነው የሚያበግነኝ። ሕጉም ቢሆን ይሄን ለብቻው ነው ያየው፣ የሥራው አመንጪ ነኝ ብሎ በስሙ መጠራት፣ ሥራው ተቆራርጦ ወይ ተበላሽቶ እንዳይወጣ መቃወም የደራሲው የሞራል መብት ነው ይላል።

ሕግ ካነሳን አይቀር እንነጋገር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሥራውን ማባዛት፣ ማሰራጨት፣ ለሕዝብ ማቅረብ የባለመብቱ ነው ይላል። ለራስህ፣ ለግልህ ብቻ፣ አንዲት ኮፒ ብታስቀር አይከለክልህም፣ እዚህ ላይ ሕጉ ደግ ነው። ችግሩ ያቺን አንዷን ኮፒ ቻናል ላይ ስትሰቅላትና ሺ ሰው ሲያወርዳት ነው፣ ያኔ ለግል የሚባለው ነገር አለቀ። እያወቀ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አለበት፣ በከባድ ቸልተኝነት ያደረገው ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት። የተባዛበት ዕቃም ሊወረስ ይችላል፣ ላፕቶፕህ ማለት ነው። ባለመብቱ በፍትሐ ብሔር ከከሰሰ ደግሞ የሞራል ካሳው ብቻ ከ100,000 ብር አያንስም። ለዘፈን 5 ዓመት በዛ ትሉ ይሆናል፣ እኔም በዛ እላለሁ፣ ግን አዋጁ የወጣው አንተን አስተያየት ጠይቆ አይደለም።

"ኧረ ማንም ሲታሰር አላየንም" የሚል መቼም አይጠፋም። ያልታሰርከው ባለመብቱ ዝም ስላለህ ነው እንጂ መብት ኖሮህ አይደለም፣ እሱ አንድ ቀን ጠበቃ ይዞ ቢመጣ ያ ሁሉ የለጠፍከው ነገር ከነቀኑ ከነሰዓቱ ማስረጃ ሆኖ ቻናልህ ላይ ተቀምጦልሃል። "እኔ አልሸጥኩም በነፃ ነው ያጋራሁት" የሚለውም አያስኬድም። አዋጁ ማሰራጨቱን ነው የሚያየው፣ ሳታተርፍ ማሰራጨትህ ያስመልጥሃል አይልም። ደሞስ የማን ንብረት ሆኖ ነው ለጋስ የሆንከው?

በተለይ እኛ አካባቢ "የሀገር ዘፈን ነው ባለቤት የለውም" የምትለዋ ነገር አለች። እሺ፣ ዜማው የአያቶቻችን ነው እንበል፣ ማንም ቢያንጎራጉረው ማንም አይከሰውም። ግን የመንዙ ልጅ ስቱዲዮ ተከራይቶ፣ ማሲንቆና ክራር የሚጫወቱትን ከፍሎ፣ በራሱ ድምፅ የቀረፀው ያ ቅጂ የሱ ነው። ተዛማጅ መብት የሚሉት እሱን ነው፣ ለከዋኙም (ለሚዘፍነውና ለሚጫወተው ማለት ነው) ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅም 50 ዓመት ይጠበቃል። የደራሲው ደግሞ በሕይወት እስካለ ብቻ ሳይሆን ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት። እስኪ አስቡት፣ ሠርግ ላይ አዝማሪው ሲያሞግሳችሁ ተነስታችሁ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፋላችሁ፣ ሰው እንዲያይላችሁም ነው፣ ያው አዝማሪ ካሴት ቢያወጣ ግን ማንም ስለማያያችሁ በነፃ ትወስዱታላችሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

መዝሙርም እንደዛው ነው። "የእግዚአብሔር ቃል ነው አይሸጥም" ትላላችሁ፣ ዘማሪዋ ግን ቤት ኪራይ ትከፍላለች፣ ስቱዲዮውም በጸሎት አያስቀርፅም። በነፃ ይሰራጭ ማለት የሷ ፈንታ ነው፣ እናንተ ማን ሾማችሁ?

ውጭ ላላችሁ የሸዋ ልጆች ደግሞ ለብቻ ነው የምነግራችሁ፣ እናንተ ጋ ቀልድ የለም። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ሴት ካዛ በሚባለው፣ ሰው በኢንተርኔት ፋይል በሚቀባበልበት ፕሮግራም ላይ 24 ዘፈን አጋርታ ተከሳ በ2007 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 222,000 ዶላር ተፈረደባት፣ ባንዱ ዘፈን 9,250 ዶላር ማለት ነው፣ በመሃል እንደገና ሲታይ 1.92 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፣ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ወደ 222,000 መለሰው። ቦስተን የነበረ ተማሪ ደግሞ በ30 ዘፈን 675,000 ዶላር። ሁለቱም ነግደው አይደለም። እኔ ግፍ ነው እላለሁ፣ ግን የእኔ ማለት ማንንም ከዕዳ አላወጣም። ጀርመን ያላችሁማ ታውቁታላችሁ፣ በቶረንት፣ ማለት ተጠቃሚዎች ፋይል እርስ በርስ በሚቀባበሉበት መንገድ፣ የሰው ሥራ ካወረዳችሁ የጠበቃ ደብዳቤ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ምክንያቱም ቶረንት እያወረድክ ሳለ በዛው ለሌላው እየሰቀልክ ነው የምትውለው፣ ብዙ ሰው ይቺን አያውቃትም። ዘመድ ጋ አርፋችሁ በሱ ዋይፋይ ካደረጋችሁት ደግሞ ደብዳቤው ለሱ ነው የሚመጣው፣ ያሳረፋችሁን ሰው ውለታ በዚህ አትመልሱ።

ዩቲዩብ የከፈታችሁትም ልጆች ተጠንቀቁ፣ የሠርግ ቪዲዮ ላይ የሰው ዘፈን እየደረባችሁ ትለቃላችሁ፣ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የኮፒራይት ስትራይክ (የሰው ሥራ ወሰድክ የሚል የዩቲዩብ ማስጠንቀቂያ) ከመጣ ቻናሉ ይዘጋል፣ የለፋችሁበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

"አቅም የለንም" ለምትሉት መልስ አለኝ። የዘፋኙ የራሱ ዩቲዩብ ላይ ገብቶ ማየት ከዳታው በቀር ምንም አያስከፍልም፣ እሱ ግን ከማስታወቂያው ያገኛል። እንደ ሰዋሰው ያሉ የሀገር ውስጥ የሙዚቃ አፖችም መጥተዋል፣ ዱሮ መክፈያ የለም ይባል ነበር አሁን ቴሌብር የሌለው ሰው ፈልጋችሁ አምጡልኝ። ለድራፍት የምናወጣውን እያወቅን ለዘፈን ሲሆን ድሃ አንሁን።

እና አድሚኖች፣ አሁን የለጠፋችሁትን ሙሉ አልበም አንሱና በምትኩ የባለቤቱን ሊንክ ለጥፉ፣ ተከታይ አይቀንስባችሁም፣ ቢቀንስም ይቀንስ። ሞባይል ቤት ያላችሁ ደግሞ ቻርጀርና ከቨር ሽጡ፣ ስልክ ጠግኑ፣ የግድ ዘፈን መጫን አለብን ካላችሁ ከአካባቢው ዘፋኞች ጀምሩ፣ አብዛኞቹ ቪዲዮአቸው ላይ ስልካቸውን ጽፈዋል፣ ደውሉና ተስማሙ፣ በሚሞሪ ይቺን ያህል እንከፍልሃለን በሉት፣ ወረቀት ላይ አስፈርሙት። እሺ ካለ ሽጡለት፣ እምቢ ካለ ፎልደሩን ዲሌት አርጉት።