ፎቶው ላይ የማይታየው ጣሪያ

ውጭ አገር ኖሮ ጅማ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው የሚኖርበትን ከተማ ፎቶ ልኮ «እንዲህ አድርጉልኝ» ማለት ይወዳል። ፎቶው ላይ ሰፊ መስታወት እንጂ ጣሪያ አይታይም። ስቶክሆልም ላይ ለዚያ ቅርጽ በቂ ምክንያት አለ፤ ጅማ ሲደርስ ግን ምክንያቱ ይቀራል።

በታኅሣሥ 12 ገደማ የስቶክሆልም የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። 15 ሜትር ከፍታ ያለው አፓርታማ ጥላው ከ110 ሜትር ያልፋል። ብሎኮቹን አራርቀው የሚሠሩትና መስታወት የሚያበዙት ያችን ጥቂት ብርሃን ፍለጋ ነው። ጅማ ላይ በዚያው ቀን ፀሐይዋ 59 ዲግሪ ላይ ትቆማለች፤ የዚያው ሕንፃ ጥላ 9 ሜትር ቢሆን ነው። የግቢውን ስፋት መወሰን ያለባቸው ነፋስና የጎርፍ መውረጃ ናቸው።

ሁለተኛው ነገር የሕንፃው ውፍረት፣ ማለትም ወርዱ ነው። 10 በ10 በ10 ሜትር የሆነ ሕንፃ ግድግዳና ጣሪያው 500 ካሬ ሜትር ነው፤ ያንኑ ይዘት 40 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ከፍታ ስታደርጉት 650 ይደርሳል። ብርድ አገር ያ ትርፍ ግድግዳና ጣሪያ የማሞቂያ ወጪ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማሞቂያ በማያስፈልግባት፣ 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በምታገኘው ጅማ ግን ትልቁ ሥራ ማድረቅ ነው። ስለዚህ ቀጭንና ረጅም፣ በሁለት በኩል መስኮት ያለው ቤት ይሻላል። ወርዱ ከኮርኒሱ ከፍታ አምስት እጥፍ ካላለፈ አየር ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ኮሪደር መሀል ሲገባ ክፍሎቹ በአንድ በኩል ብቻ ይተነፍሳሉ፤ ሻጋታው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ይጀምራል። የኮንዶሚኒየም ክፍት መተላለፊያ ብዙ ይታማል፣ ለአየር ግን ደግ ነው።

ረጅሙ ፊት ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር። በደቡብ በኩል አንድ ሜትር የወጣ ጣሪያ በታኅሣሥ ቀትር እንኳ 1.6 ሜትር ግድግዳ ያጠላል። በምዕራብ መስታወት ላይ ግን የማታዋ ፀሐይ ከሥሩ ሾልካ ትገባለች።

ከሁሉም የባሰው ጣሪያውን በፓራፔት፣ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ በሚወጣ አጭር ግድግዳ፣ መደበቅ ነው። 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 8,000 ሊትር ነው። የተደበቀው አሸንዳ በቅጠል ሲደፈን ውሃው የሚፈሰው ወደ ኮርኒሱ ነው፤ ውጭ የተንጠለጠለ አሸንዳ ቢሞላ የሚፈስሰው ግቢ ውስጥ ነበር። ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰፊ በረንዳና ወጣ ያለ ክዳን ያለው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ፎቅ ሲሆን ደግሞ የላይኛው ክዳን የሚያድነው የላይኛውን ፎቅ ብቻ ስለሆነ በየፎቁ በረንዳ ወይም ከመስኮቱ በላይ ወጣ ያለ ሶሌታ (የኮንክሪት ጠፍጣፋ ክዳን) ያስፈልጋል።

ፓራፔት የግድ ከሆነ ቢያንስ ሁለት መውረጃ ይኑረው፤ ከአሸንዳው ጠርዝ ዝቅ ብሎም ወደ ውጭ የሚያፈስ ቀዳዳ ይከፈትለት። ቀዳዳው ውሃ ሲተፋ ሲታይ መውረጃው ተደፍኗል ማለት ነው።