ሥዕሉ ያምራል፤ የኛ አውሮፕላኖችስ?

በድሮ የጦር አውሮፕላን ሥዕሎች ስላጌጡት ፓወር ባንኮች የጻፍከውን ወድጄዋለሁ፣ ወንድሜ። የሻርክ ጥርስ ያለው ፒ-40 ምርጥ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አየር ኃይል 112ኛ ስኳድሮን ሰሜን አፍሪካ ላይ ጥርሱን ሲስለው፣ ለቻይና የሚዋጉት አሜሪካውያን አብራሪዎች፣ «በራሪ ነብሮች»፣ አይተው ቀዱት። ግን የኛስ? በ1929 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው ፖቴዝ 25 አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከስዊድን የተገዛው ቦምብ ጣይ ሳብ 17 አለ፤ ቢሾፍቱ ሰማይ ላይ ስንት ዓመት የበረረ። እዚህ ባሕር ዳር አንድ ሠዓሊ ቢስልልን ተሻምተን ነው የምንገዛው።

መብራት ሲጠፋ ፓወር ባንክ የግድ ነው። ብቻ «10,000» ሚሊአምፔር-ሰዓት (mAh) የሚለውን ቁጥር እንዳለ አትመኑት። ቁጥሩ የተለካው በባትሪው 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ ስልክ የሚወጣው ደግሞ 5 ቮልት። በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ 6,000 ገደማ ቢደርሳችሁ ነው። ፀሐይም አይወድም። ወደ ዘጌ ስትሻገሩ ጀልባው ወንበር ላይ ጥላችሁት ጣና ጣና አትዩ፤ የብረት ሽፋን ያለው በተለይ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

በአውሮፕላን የምትሄዱ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ ጭነት ውስጥ አይፈቀድም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ነው፤ 10,000ው 37 ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም። ፈታሾች ግን ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያያሉ። ስለዚህ ሠዓሊዎች፣ እባካችሁ ክንፉን ስትዘረጉት ቁጥሩን አትሸፍኑብን።