ይድረስ ድምፅ ማፈኛ ማርሚታዎን አውልቀው ለሚዞሩት ክቡር ሞተር

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእንቅልፍ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የእርስዎን ደህንነት መጠየቅ እንኳ አያስፈልገኝም። ትናንት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰምቼዎታለሁ። ታቦር ተራራም ሰምቶዎታል፤ የገደል ማሚቶውን ልኮልናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። በር ላይ ቆሜ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ አፌን ስከፍት እርስዎ ነዳጅ ሰጡ። የሚጋልብዎት ልጅ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ ሰላምታ መሰለው። እጁን አንስቶልኝ አለፈ።

የሞተር ጠላት እንዳልመስልዎ። ሀዋሳ ውስጥ የሞተር ውድድር ከሚከታተሉ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነኝ። የየሰፈሩን ቴሌቪዥን አርሴናልና ማንቼ ይዘውታል። እኛ እትዬ ቡና የሚያፈሉበት ጥግ ላይ እንሰበሰባለን። አራት በርጩማ፣ አንድ ስልክ፣ የሚቆራረጥ ዳታ።

ሰሞኑን የያዝነው ክርክር የላጉና ሴካ የወደፊት ዕጣ ነው። ካሊፎርኒያ ያለ የውድድር ሜዳ ነው። ሀዋሳ ምን አገባት አይበሉ፤ ጉዳዩ በቀጥታ እርስዎን ይመለከታል። ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልዎ። ሜዳው የተከፈተው በ1957 ነው። ከዚያ በፊት እዚያው አካባቢ፣ ፔብል ቢች የሚባል ቦታ፣ በዛፎች መሃል በሚያልፍ ተራ መንገድ ላይ መኪና ያወዳድሩ ነበር። በ1956 አንድ ተወዳዳሪ ከዛፍ ጋር ተላትሞ ሞተ። በቃ፣ መንገዱ ለመንገደኛ ይተው ተባለና ሜዳ ተሠራ። ይህችን ቦታ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። እነሱ ከመንገድ አንስተው ሜዳ ያስገቡትን እርስዎ አምጥተው እኛ ኮብልስቶን ላይ ዘረገፉት።

ኮርክስክሩ የሚሏት ኩርባ አለች። ወደ ግራ ይታጠፋሉ፣ ወዲያው ወደ ቀኝ፣ ከዚያ መሬቱ ከስርዎ ይከዳዎታል። ከአምስት ፎቅ የማይተናነስ ቁልቁለት ነው። በ2008 ሞተረኛው ቫለንቲኖ ሮሲ እዚያችው ጋ ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ አፈር ላይ እየተንገዳገደ፣ ተፎካካሪውን ኬሲ ስቶነርን አለፈው። በ2013 ማርክ ማርኬዝ ያንኑ በራሱ በሮሲ ላይ ደገመበት። እኛ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየነው እትዬ ያውቃሉ። ስኒ እያቀረቡ "ዛሬም አለፈው?" ይሉናል።

ያ 2013 የመጨረሻው ነው። ግራንድ ፕሪ የሚሉት የሞተር ሳይክል የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ከዚያ ወዲህ እዚያ አልተመለሰም። ከአራታችን አንዱ፣ ባለ ጋራዡ፣ "ይቅር፣ ለታሪክ ይቀመጥ" ባይ ነው። ለዛሬ ሞተር ከኩርባው ውጪ ያለው ማምለጫ ይጠባል ይላል። አልተሳሳተም። ብራድ ባይንደር በ2023 ጣሊያን ውስጥ፣ ሙጄሎ ላይ፣ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ገብቷል። ባይንደር ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ የኛው አህጉር ልጅ። አፍሪካ ራሷ ግን በ2004 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ዌልኮም ላይ፣ ካዘጋጀች ወዲህ ግራንድ ፕሪ አላየችም። ይህ ሲነሳ አራታችንም ቡናችንን እናያለን። እርስዎ በበኩልዎ ከአርባ አይዘሉም። ድምፅዎ ብቻ ነው 366 የገባው።

ከመሃላችን አንዱ ተማሪ ነው። እሱ ደግሞ ሀዋሳ ይሠራልን ባይ ነው። ከአሞራ ገደል ተነስቶ በሐይቁ ዳር፣ እኛ የዓሳ ሾርባችንን እየጠጣን። "አባ ኮዳዎቹን ማን ያስነሳልሃል?" አልነው። ቀልድ እንዳይመስልዎ። በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፊሊፕ አይላንድ ላይ፣ አንድሪያ ያኖኔ ውድድር መሃል ከባሕር ወፍ ጋር ተጋጭቷል። እንደዚያም ሆኖ ሦስተኛ ወጣ። የኛ አባ ኮዳ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ የሚወጣው አባ ኮዳው ነበር።

እኔ በክርክሩ ስሜ የተነሳው በጎረቤቶቹ ጉዳይ ነው። ከላጉና ሴካ አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች በ2023 መጨረሻ ጫጫታውና የመኪናው ብዛት መረረን ብለው ክስ መሠረቱ። ሜዳው የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር ነውና ካውንቲውን ፍርድ ቤት ገተሩት። ይህን ስሰማ ከበርጩማዬ ተነሳሁ። ንግግሬን ሰፈሩ በቃሉ ይዞታል። "ሜዳው ከ1957 ጀምሮ አለ! ቤቱን ሲገዙ ጆሯቸው የት ነበር? ድምፅ የሌለው ሞተር ሞተር ነው? ቀድሞ የመጣ ይከበር!"

"ይከበር" ላይ ጣቴን እንዳነሳሁ እርስዎ መጡ።

እትዬ ሁለተኛውን እየቀዱ ነበር። ጀበናውን አየር ላይ እንደያዙ ቆሙ። የባለ ጋራዡ አፍ ፈንዲሻ እንደያዘ ተከፍቶ ቀረ። ማንም ስለማይሰማ ማንም አልተናገረም። እስከ ማዞሪያው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ በራፋችን ላይ ሲደርሱ አንዴ ጧ! አደረጉና አለፉ። ስኒዬን አየሁት። ቡናው ላይ ክብ ክብ ሞገድ ይታያል፣ ልክ ሐይቁ ላይ ጠጠር እንደወረወሩበት። እኔ ጣቴን እንደቀሰርኩ ነበርኩ። እትዬ ቀድተው ጨረሱና "የራሱ አሮበት የሰው ያማስላል" አሉ። ለማን እንዳሉት አላብራሩም። ስኒውን ግን ያቀበሉት ለኔ ነው።

የዚያኑ ለሊት ደግሞ መጡ። መጀመሪያ ከገብርኤል በኩል እንደ ትንኝ። ቀጥሎ እንደ ወፍጮ። ከዚያ የመስኮቴ መስታወት ማውራት ጀመረ። የጎረቤቴ ውሻ ጮኸ፣ የጎረቤቱ ጎረቤት ውሻ መለሰለት። ትንሿ ልጄ ተነስታ ውሃ ጠየቀች። ውሃውን ስቀዳ ባለ ጋራዡ የነገረኝ ትዝ አለኝ። ማርሚታ ማለት ውስጡ ክፍል ክፍል ያለው ቆርቆሮ ነው። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እዚያው ይሞታል። "ሲወልቅ ጉልበት ይጨምራል ይባላል፣ እውነት ነው?" ብዬ ጠይቄው ነበር። "ካርቡሬተሩ አብሮ ካልተስተካከለ እንዲያውም ይቀንሳል" ነው ያለኝ። እንግዲህ የጨመሩት ጉልበት እኛ ጆሮ ላይ ያረፈው ብቻ ነው ማለት ነው።

እንቅልፉ ስለሄደ ወረቀት አወጣሁ። አቤቱታ ልጽፍ። "እኛ የአካባቢው ነዋሪዎች ጫጫታው ከአቅማችን በላይ ሆኖብን..." ብዬ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ብዕሬ ቆመ። ለካ የካሊፎርኒያዎቹን ክስ ወደ አማርኛ እየገለበጥኩ ኖሯል።

በማግስቱ ልጁን ሱቅ በር ላይ አገኘሁት። እርስዎን አጥፍቶ አቁሞዎታል። ሲጠፉ እንዴት ያምርብዎታል! አደብ ያለው ዕቃ ይመስላሉ። ልጁን በለሰለሰ አንደበት "ወንድሜ፣ ለሊት ለሊት ትንሽ..." ከማለቴ፣ "ጋሼ፣ ቀድሞ የመጣ ይከበር ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለኝ። ለካ ያን ቀን ከማዞሪያው በፊት የተናገርኩትን ሁሉ ጥጉ ላይ ቆሞ ሰምቷል። "መንገዱ እኮ ከቤትዎ በፊት ነበር" ብሎ ጨመረልኝ። እውነቱን ነው። ቤቱን የሠራሁት በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ነው። መንገዱ ቀድሞኛል።

እጅ አልሰጠሁም። ላጉና ሴካ እኮ ዝም ብሎ አይጮህም አልኩት። ፕሮግራም አለው፣ ድምፅ መለኪያ አለው። ከልክ ያለፈውን ጥቁር ባንዲራ ያሳዩትና ከሜዳው ያስወጡታል። "እሺ ጋሼ፣ ባንዲራውን ያሳዩኛ" አለኝ። ጥቁር የሚባል ጨርቅ ቤቴ ውስጥ ያለው የባለቤቴ የልቅሶ ሻሽ ብቻ ነው። መስኮት ላይ ቆሜ ላውለበልበው አሰብኩ። ሰፈሩ ድንኳን ይዞ እንዳይመጣ ፈራሁ።

ቅዳሜ ለት ባለ ጋራዡ ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ስለ ማምለጫ ጥበት ልንጨቃጨቅ። ቀና ስል ግድግዳው ላይ፣ ምስማር ላይ፣ ማን ተንጠልጥላ አያለሁ? ማርሚታዎ። ሸረሪት አድርታባታለች እንጂ ምንም አልሆነችም። "የዚያ ልጅ ናት፣ እኔው ነኝ የፈታሁለት" አለኝ ሳይሽኮረመም። ስንት ቀን አብሮኝ ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ እርስዎ እስኪያልፉ ሲጠብቅ የኖረው ሰውዬ! ለመመለስ ሁለት ብሎን ይበቃታል አለ።

የብሎኑንም የእጁንም ከፍያለሁ። ልጁን ይዘውት ብቅ ይበሉ፣ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ማን ከፈለ ብለው ቢጠይቁዎ አያውቁም። ነገ እትዬ ጋ ክርክሩ ይቀጥላል። እኔ እዚያ አሁንም ከጫጫታው ወገን ነኝ።

አክባሪዎ
ከቡናው ጥግ፣ ሁለተኛው በርጩማ